ከተማዋ ለምን የተለጠፈች ትመስላለች?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳርን ከሐይቁ በኩል በዘይት ቀለም እየሳልሁ ነው። መምህራችን የሮማንቲሲዝም (ስሜትንና ተፈጥሮን የሚያጎላ የሥነ ጥበብ ፈለግ) ሠዓሊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክ የሳለውን «በግራይፍስቫልድ አቅራቢያ ያሉ መስኮች» አሳይቶን ነበር። በእርሱ ሥዕል ከተማዋ ከሜዳውና ከሰማዩ ጋር ተዋሕዳለች፤ በእኔ ሸራ ላይ ግን ሕንፃዎቹ ተቆርጠው የተለጠፉ ይመስላሉ። ጭጋግ ልጨምርበት?
(አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጭጋጉን ተይው፣ ልጄ። ነጭ ቀለም ከላይ ብታለብሻቸው አቧራ የጠጡ ይመስላሉ እንጂ አይርቁልሽም።

ግራይፍስቫልድ በጀርመን፣ በባልቲክ ባሕር አጠገብ ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት፤ ፍሪድሪክም እዚያው ተወለደ። ሥዕሉን የሠራው ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820ዎቹ መጀመሪያ፣ ለኑሮ ወደ ድሬስደን ከተማ ከገባ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሸራው ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ከፊት ሜዳው፣ ፈረሶቹ፤ ከተማዋ ከዚያ ወዲያ ቀጭን መስመር ናት። የሦስቱን አብያተ ክርስቲያናት ማማዎች ትለያለሽ፤ መስኮት ልቁጠር ብትዪ ግን አይሆንልሽም።

እኔም በወጣትነቴ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቼ የቤቱን ሁሉ ቆርቆሮ በየመስመሩ ሳልሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ቆርቆሮው ወደ ፊት እየዘለለ ዓባይን ዋጠው። በጣም አዘንሁ። ነገሩ የገባኝ በመስከረም አንድ ጠዋት ከዜጌ በጀልባ ስመለስ ነው። ፀሐይ በግራዬ ነበረች። አንድ ታንኳ በአጠገባችን ሲያልፍ የደንገሉ ማሰሪያ፣ ከመቅዘፊያው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውኃ ሳይቀር ታየኝ። ቀና ስል ከተማዋ በሐይቁ ግራጫ ሰማያዊ ቀለም ተነክራለች፤ ዘንባባው ከሆቴሉ አይለይም።

እንግዲህ ለሰማዩ የደባለቅሽውን ቀለም አትጥረጊው። ከእርሱ ጥቂት ጥቂት እየቆነጠርሽ በሕንፃዎቹም፣ በዛፎቹም፣ በውኃው ጥላም ውስጥ ጨምሪ። ጥቁረቱን ለቅርቡ ነገር፣ እንደ ታንኳው ላለው አስቀሪለት። ሕንፃው ከውኃው የሚገናኝበትን ዳር ቀለሙ ሳይደርቅ በደረቅ ብሩሽ አለስልሺው፤ የመለጠፉ ምስጢር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ዳር ላይ ነው። ቀለሙንም አታወፍሪ፤ ፍሪድሪክ ስስ ስስ አድርጎ ነበር የሚደራርበው። ከዚያ በፊት ግን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥተሽ በእርሳስ ንደፊ። እርሱም በእርሳስ እጅግ ጥንቁቅ ነበር፤ ቤቱ ተቀምጦ የሚስለው ከእነዚያ ንድፎች ተነሥቶ ነው።

መስኮቶቹን በሙሉ አጥፊ። አንድ ነገር ጎላ ብሎ ይታይልኝ ካልሽ የቅዱስ ጊዮርጊስ ጉልላት ይበቃሻል፤ እርሱንም በአንድ ቀጭን ጭረት።