«የመጀመሪያው» ማነው? ስለ ኮምፒውተር አጀማመር የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ግማሽ ያህሉ «የመጀመሪያው ማነው?» የሚሉ ናቸው። ይህች ቃል ታስቸግረኛለች፤ ለምን እንደሆነ ከመልሶቹ ታዩታላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጓደኛዬ ጋር በክትፎ ተወራርደናል። እኔ የመጀመሪያው ኮምፒውተር የአሜሪካው ኤኒያክ ነው አልኩ፤ እሱ ደግሞ ባቤጅ የሚባል እንግሊዛዊ የሠራው ነው ይላል። ማን ይክፈል?

እኩል ክፈሉና ብሉ። ቻርልስ ባቤጅ (1791–1871) አሰበው እንጂ አልጨረሰውም። ከ1834 ጀምሮ የነደፈው ማሽን ቁጥር የሚቀመጥበት አንድ ክፍል፣ ቁጥር የሚሰላበት ሌላ ክፍል ነበረው፤ አንዱን «መጋዘን»፣ ሌላውን «ወፍጮ» ብሎታል። የእኛ አገር ሰው ቢሆን ጎተራና ወፍጮ ይላቸው ነበር። ትእዛዙን የሚቀበለው በተበሳ ካርድ ነው፤ ይህንን ከፈረንሳይ የሐር ሽመና ወሰደው። ከዚያ በፊት የጀመረው ቀላሉ ማሽን እንኳ የመንግሥትን 17,000 ፓውንድ በልቶ ሳያልቅ ቀርቷል፤ በ1842 መንግሥት እጁን አነሣ። ሰውየው ሕልመኛ ብቻ ነበር እንዳትሉ ግን፦ የለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም ከንድፎቹ አንዱን በ1991 ሠርቶ ሲያንቀሳቅሰው በትክክል አሰላ።

ኤኒያክም በ1946 ለሕዝብ ሲታይ የቀደሙት ነበሩ። ኮንራድ ዙሰ በ1941 በርሊን ውስጥ በፕሮግራም የሚታዘዝ ዜድ 3 የተባለ ማሽን አስነሥቷል፤ በ1943 የቦምብ ድብደባ አጠፋው። አሜሪካ፣ አይዋ ውስጥ ጆን አታናሶፍ ከተማሪው ክሊፎርድ ቤሪ ጋር ኤሌክትሮኒክ ማስሊያ ሠርቶ ነበር። በ1973 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት የኤኒያክን የፈጠራ መብት የሻረው ሐሳቡ ከአታናሶፍ የመጣ ነው ብሎ ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ግን ቶሚ ፍላወርስ ነው። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት የስልክ መሐንዲስ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ከፍተኛ አዛዦች የሚጻጻፉበትን ሎሬንትስ የተባለ ምስጢራዊ ጽሑፍ ለመፍታት 1,600 ያህል ቫኪዩም ቲዩብ (አምፖል መሳይ የኤሌክትሮኒክ ዕቃ) ያለበት ማሽን ልሥራ ሲል፣ ቲዩብ ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል ብለው ተጠራጠሩት። እሱ ከስልክ ሥራው የሚያውቀው ነገር ነበር፦ ቲዩብ የሚጎዳው ሲበራና ሲጠፋ ነው፤ እንደበራ ከተተወ ይከርማል። የቤቱን አምፖል ልብ ብሎ ያየ ሰው ይገባዋል። ማሽኑ፣ ኮሎሰስ፣ በ1944 ሥራ ጀመረ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ አሥር ደርሰው ነበር። ከዚያ ትእዛዝ መጣ፤ ፍላወርስ ንድፎቹን በገዛ እጁ እሳት ውስጥ ጨመራቸው። ቆይቶ ተመሳሳይ ማሽን ለመሥራት ከእንግሊዝ ባንክ ብድር ቢጠይቅ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም ተብሎ ተከለከለ። ሠርቼዋለሁ እንዳይል ምስጢር ነው፤ ዋጠው። ነገሩ ለሕዝብ የተገለጠው በ1970ዎቹ ነው።

ፕሮግራሙን ራሱ ሜሞሪው ውስጥ ይዞ የሠራውስ ካላችሁ፣ የማንቸስተሩ «ቤቢ» ነው፤ ጁን 21 ቀን 1948። ሌላ ጊዜ ስትወራረዱ «የመጀመሪያው» የሚለው ላይ ቅጽል ጨምሩበት።

ቱሪንግስ? እሱ አይደለም እንዴ የሠራው?

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ ገና 24 ዓመት ሳይሞላው፣ በ1936፣ አንድ ማሽን ትእዛዙ ብቻ እየተቀየረ ማንኛውንም ሊሰላ የሚችል ነገር ማስላት እንደሚችል በወረቀት አሳየ። ወረቀቱ ላይ ያለው ማሽን የሐሳብ ነው፤ ብሎን የለውም። በጦርነቱ ጊዜ ኤኒግማ የተባለውን የጀርመን ምስጢራዊ ጽሑፍ ለመስበር የነደፈው «ቦምብ» የተባለው መሣሪያ ደግሞ እውነተኛ ነበር፤ ግን ለአንድ ሥራ ብቻ የተሠራ እንጂ ኮምፒውተር አልነበረም። ከኮሎሰስ ጋርም አታምታቱት።

መምህርት ነኝ። ለሴት ተማሪዎቼ «የመጀመሪያዋ ፕሮግራመር» ስለምትባለው አዳ ላቭሌስ ስነግር አንድ ባልደረባዬ «የተጋነነ ነው» አለኝ። ልክ ነው?

ባልደረባዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። አዳ በ1843 ያሳተመችው ትርጉም ነው፦ ሉዊጂ ሜናብሬያ የተባለ ጣሊያናዊ ስለ ባቤጅ ማሽን በፈረንሳይኛ የጻፈውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ግርጌው ላይ የጨመረቻቸው ማስታወሻዎች ግን ከጽሑፉ ሦስት እጥፍ ያህል ይረዝማሉ፤ የመጨረሻው የቤርኑሊ ቁጥሮችን ማሽኑ እንዴት እንደሚያሰላ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። «የመጀመሪያው ፕሮግራም» የሚባለው ይህ ነው። ባቤጅ ራሱ ከዚያ በፊት አጫጭር ምሳሌዎችን ጽፎ ነበር፤ አላሳተማቸውም እንጂ።

እኔ ብሆን ለተማሪዎቹ የምነግረው ሌላውን ነው። ባቤጅ ቁጥር ሲያይ እሷ ምልክት አየች። የድምፆች ግንኙነት በሕግ ከተገለጸ ማሽኑ ዜማ ሊደርስ ይችላል ብላ ጻፈች፤ ማሽኑ ግን ከራሱ የሚያመነጨው የለም፣ እንዴት እንደምናዘው የምናውቀውን ብቻ ነው የሚሠራው ስትልም አስጠነቀቀች። በ1843! ስሟን እንኳ አልጻፈችም፤ ከማስታወሻዎቹ ግርጌ የሰፈሩት ሦስት የስሟ መነሻ ፊደላት ብቻ ናቸው። በ36 ዓመቷ አረፈች።

ኮምፒውተር የሚሠራበትን የ0 እና 1 ስሌት የፈጠሩት የጥንት ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ናቸው የሚል ቪዲዮ አየሁ። ደስ ብሎኛል፤ ግን እውነት ነው?

ደስታዎን ሙሉ በሙሉ አልቀማዎትም። በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባል ዘዴ በእርግጥ አለ፤ እናየው። 13 በግ፣ አንዱ በ17 ብር (ዘመኑን አይጠይቁኝ)። በአንድ ወገን 13ን እያጋመሱ፣ ትርፉን እየጣሉ ይውረዱ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በሌላው ወገን 17ን እያጠፉ፣ ማለትም እጥፍ እያደረጉ ይውረዱ፦ 17፣ 34፣ 68፣ 136። አሁን በግራ ሙሉ ቁጥር፣ ማለት ለሁለት የሚካፈል ቁጥር፣ ያለበትን መስመር ይሰርዙ፤ 6 ስለሆነ 34 ወጣ። የቀረውን ይደምሩ፦ 17፣ 68 እና 136፣ 221። ማጋመስና ማጠፍ የሚችል ሰው የማባዛት ሰንጠረዥ ሳይሸመድድ ሒሳቡን ይዘጋል።

ምስጢሩ ምንድን ነው? 13 ማለት 8 ሲደመር 4 ሲደመር 1 ነው፤ 2 የለችበትም፣ ለዚህ ነው 34 የተሰረዘው። በባይነሪ፣ ማለትም በ0 እና 1 ብቻ፣ ሲጻፍ 1101። ስለዚህ በዚህ ዘዴ የሚያሰላ ሰው በባይነሪ እየሠራ ነው። ግን ያው ዘዴ በእንግሊዝኛ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት» ተብሎም ይጠራል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈ የግብፅ ፓፒረስ ላይም ቁጥርን እጥፍ እያደረጉ ማባዛት አለ። በባይነሪ መሥራትና ባይነሪን እንደ አጻጻፍ ሥርዓት ማወቅ ይለያያሉ፤ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሕፃን ሰዋስው አያውቅም። ሥርዓቱን ላይብኒትስ በ1703 አሳተመ፤ ጆርጅ ቡል በ1854 አመክንዮን ወደ አልጀብራ ቀየረ፤ ክሎድ ሻነን ደግሞ በ1937 የማስተርስ ጽሑፉ የቡል አልጀብራ በኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። ወደ ኮምፒውተር የሚወስደው መንገድ በዚህ በኩል ነው ያለፈው።

ዘዴውን ግን ለልጆችዎ ያስተምሩ። እኔ ቤት ተሞክሯል፤ ካልኩሌተሩ ለሁለት ቀን ተረስቶ ነበር።

ለፕሮግራም ስሕተት የምንለው «ባግ» (በእንግሊዝኛ ነፍሳት ማለት ነው) የመጣው ኮምፒውተር ውስጥ ከተገኘች ነፍሳት ነው?

የእሳት ራቷ እውነተኛ ናት። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ሃርቫርድ ውስጥ ማርክ 2 የተባለው ማሽን ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያና ማጥፊያ) ውስጥ ተቀርቅራ ተገኘች፤ የሥራ መዝገቡ ላይ በፕላስተር ተለጥፋ «በእርግጥ ባግ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው» ተብሎ ተጻፈባት። ቀልዱ የሚያስቀው ቃሉ አስቀድሞ ስለነበረ ነው፤ ኤዲሰን በ1878 ለመሣሪያ ችግር ተጠቅሞበታል። ታሪኩን ያሰራጨችው አሜሪካዊቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ግሬስ ሆፐር ናት፤ ራቷን ያገኘችው ግን እሷ አይደለችም። የሆፐር ውለታ ሌላ ነው፦ በ1952 ከመጀመሪያዎቹ ኮምፓይለሮች (ትእዛዝን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሱ ፕሮግራሞች) አንዱን ሠራች። በኋላም ለታዳሚዎቿ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ስንዝር ተኩል ያህል የሆነ ሽቦ ታድል ነበር፤ ኤሌክትሪክ በሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል የሚሄደው ከዚህ አይበልጥም ለማለት።

በኤኒያክ ፎቶ ላይ የቆሙት ሴቶች ለውበት ነው?

በ1980ዎቹ ካቲ ክላይማን የተባለች ተማሪ ይህንኑ ጠይቃ፣ በማቀዝቀዣ ማስታወቂያ ላይ እንደሚቆሙት ያሉ ሞዴሎች ናቸው ተባለች። አላመነችም፤ ፈልጋ አገኘቻቸው። ካትሊን ማክናልቲ፣ ቤቲ ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራን ቢላስና ሩት ሊክተርማን የማሽኑ ፕሮግራመሮች ነበሩ። ቀድሞ ሥራቸው የመድፍ ጥይት የሚሄድበትን መንገድ በእጅ ማስላት ነበር፤ የሥራ መደባቸው መጠሪያም «ኮምፒውተር» ነበር፤ ቃሉ ያኔ የሚያሰላ ሰው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ማሽኑ ያለበት ክፍል እንዳይገቡ ስለተከለከሉ ከንድፍ ወረቀት ተማሩት። 18,000 ያህል ቲዩብ ያለውን 30 ቶን ብረት በገመድና በማብሪያ አዘዙት፤ በእጅ ከ30 ሰዓት በላይ የሚፈጀውን ስሌት በግማሽ ደቂቃ ገደማ ጨረሰ። ማሽኑ ሲመረቅ በተደረገው እራት ግን አልተጠሩም።

የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም መሪ ዋትሰን ለዓለም አምስት ኮምፒውተር ይበቃል ብሏል?

ማስረጃ የለውም። የዋትሰን ልጅ በ1953 ስለ አንድ ሞዴል ሲናገር አምስት ትእዛዝ ጠብቀን 18 አገኘን ብሏል፤ ወሬው ከዚያ ሳያብጥ አልቀረም።

የ1990ዎቹ የአማርኛ ፋይሎቼን ስከፍት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይወጣል። ጠፉ ማለት ነው?

አልጠፉም። ያኔ አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር። የእኛ ፊደል ከ200 በላይ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ እንደፈለገ ደረደራቸው፤ አንዳንዱ ለሁለት ፎንት ከፈላቸው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ብዙ ደክመውበታል፤ ስም አልጠራም፣ ማን ቀደመ የሚለው ጠብ ገና አልበረደም። የተቃና መልክ የያዘው ለየፊደሉ ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ዩኒኮድ 3.0፣ በ1999 ለግዕዝ ፊደል 345 ቦታ ሲሰጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም ማሽን ቁጥሩ 4608 ነው።

ፋይሎቹን አይሰርዙ፣ ላያቸው ላይም አይጻፉ፤ በቅጂው ይሥሩ። ሰነዱን ከፍተው የፎንቱን ስም ከላይ ካለው ሳጥን ይመልከቱ፤ ስሙ ከታወቀ ለዚያ ፎንት የተዘጋጀ ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ መፈለግ ይቻላል። ስሙን ይላኩልኝ፣ አብረን እናያለን።