ከውጭ የሚመጡ ሳንቲሞች፣ ቴምብሮችና ቀረጣቸው፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከአዳማ፣ ከሎንዶን የቴምብር ስብስብ ያስመጡ አንባቢ፦ «ቀረጡ 10 በመቶ ነው ብለውኝ ነበር፤ የተጠየቅሁት ግን ከ40 በመቶ በላይ ነው። ተጭበርብሬ ይሆን?»

አልተጭበረበሩም። የተነገርዎት የጉምሩክ ቀረጡን ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ታክሶች በእሱ ላይ እየተደራረቡ ይመጣሉ። እቃው ማጓጓዣውንና መድኑን ጨምሮ 10,000 ብር ቢገመት፣ ቀረጡ 1,000 ብር ነው። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታሰበው ቀረጡ በተጨመረበት 11,000 ብር ላይ ስለሆነ 1,650 ይሆናል። 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ ሁሉም ከተደመረ በኋላ በ12,650 ላይ ስለሚሰላ 1,265 ነው። 3 በመቶው የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ በመጀመሪያው 10,000 ላይ ብቻ ስለሚታሰብ 300 ብር ይጨምራል። በጠቅላላው 4,215 ብር። ወረቀትዎ ላይ ያሉትን መስመሮች በዚሁ ቅደም ተከተል ይመልከቷቸው። ስህተት ካለ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በታሪፍ ቁጥሩ (እቃው ለቀረጥ በተመደበበት ቁጥር) ላይ ነው እንጂ በስሌቱ ላይ አይደለም። ለስብስብ የሚገዙ ቴምብሮች በ97.04 ሥር ናቸው፤ ሌላ ቁጥር ተጽፎ ካገኙ ክፍያውን ከመፈጸምዎ በፊት ይጠይቁ።

«በጨረታ ያሸነፍኩት በ200 ፓውንድ ነው፤ የተገመተብኝ ግን በ250።»

ልዩነቱ የአጫራቹ 25 በመቶ ኮሚሽን ነው። ያንን ሳይከፍሉ እቃውን አይረከቡም፤ ስለዚህ የዋጋው አካል ነው። በዚያ ላይ የፖስታው ይጨመራል።

«ጥቅሌን ሞጆ ደረቅ ወደብ ሄጄ ልጠይቅ?»

አይሂዱ። ሞጆ የኮንቴይነር ነው። በአየር የመጣ ፖስታ የሚገባው በአዲስ አበባ በኩል ነው። በአደራ የተላከ ከሆነ ባለ 13 ፊደልና አኃዝ መከታተያ ቁጥሩን ይዘው አዳማ ፖስታ ቤት ይጠይቁ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፦ «ጋሼ፣ የቴምብር አልበምና ቴምብሮቹን አንድ ላይ ባዝ ይሻላል?»

በአንድ ጥቅል ማዘዝ ትችያለሽ፤ ኢንቮይሱ (የሻጩ የዋጋ ዝርዝር) ላይ ግን ለየብቻ ይጻፉ። ባዶ አልበም የወረቀት ውጤት ስለሆነ በ48.20 ይመደባል። ሻጩ ሁሉንም ጨፍልቆ «ስብስብ፣ 60 ዶላር» ብሎ ከጻፈ መርማሪው የሚለይበት መንገድ የለውም፤ ሁሉም ከፍተኛው ቀረጥ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሻጩን ሁለት መስመር አድርጎ እንዲጽፍልሽ ጠይቂው።

«የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ከቪየና ገዛሁ። 1780 ይላል፤ ከ240 ዓመት በላይ ስለሆነው እንደ ጥንታዊ እቃ አይታይልኝም?»

በዓመቱ ብቻ አይታይም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ፣ ዛሬ ቪየና የሚመታው ጭምር፣ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣሊያን ሮም ላይ መትታዋለች፤ ሎንዶን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም ተመትቷል። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ የብሩ ንጥረት ከሺህ 833 መሆኑም አሮጌውን ከአዲሱ አይለይም። ባለሙያ የሚለየው በንግሥቲቱ ጌጥና በንስሩ ላባ ዝርዝር ነው። ስለዚህ ከሻጩ የት እና መቼ ገደማ እንደተመታ የሚገልጽ የተፈረመ መግለጫ ይቀበሉ። በሌላ በኩል፣ የሰብሳቢ ሳንቲም የራሱ አንቀጽ (97.05) ስላለው፣ 100 ዓመት ቢያልፈውም እንኳ «ጥንታዊ እቃ» ወደሚባለው 97.06 አይሄድም።

«ሻጩ ‹ስጦታ፣ 10 ዶላር› ብዬ ልጻፍልህ አለኝ። ሳንቲሙ 300 ዶላር ነው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው ይባላል።»

እምቢ ይበሉት። ይህ ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣ በዝርዝር ልመልሰው።

«ስጦታ» የሚለው ቃል በራሱ ከቀረጥ ነጻ አያደርግም። ሽያጭ የለም ከተባለ፣ ጉምሩክ የከፈሉትን ዋጋ የሚቀበልበት መሠረት ይጠፋል፤ ከዚያ የሚሄደው ወደ ተመሳሳይ እቃ ዋጋ ነው። በ300 ዶላር የገዙትን፣ ሌላ ሰው በ400 በገዛው ሊገመትብዎ ይችላል፤ የሚከራከሩበት ደረሰኝ ደግሞ ራስዎ ሐሰት ያደረጉት ነው። ሐሰተኛ ዋጋ ማስመዝገብ ልዩነቱን ከነቅጣቱ ያስከፍላል፤ እቃው ሊወረስም ይችላል። ጥቅሉ መንገድ ላይ ቢጠፋ ፖስታ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ዋጋ፣ 10 ዶላሩን ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ቆይቶ የሚመጣው ነው። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ (እቃው ጉምሩክ የተመዘገበበት ቅጽ) ሳንቲሙ ከየት እንደመጣ የሚመሰክር ብቸኛ የመንግሥት ወረቀት ነው። ነገ ሊሸጡት፣ ሊያወርሱት ወይም ከሀገር ሊያወጡት ሲፈልጉ «ይህ ከእኛ ገዳም ወይም ከእኛ ቤት የወጣ አይደለም፤ ከውጭ ተገዝቶ የገባ ነው» የሚልልዎት እሱ ነው። «ስጦታ፣ 10 ዶላር፣ ብረት» የሚል ወረቀት ስለ የትኛውም ሳንቲም አይመሰክርም።

ሻጩን ከመክፈልዎ በፊት በጽሑፍ ይህን ይጠይቁት፦ ሙሉ ዋጋ፣ የማዕድኑ ዓይነት፣ ክብደት፣ ብዛትና ዓመት። ኢንቮይሱ አንድ ቅጂ ጥቅሉ ውስጥ፣ አንድ ቅጂ በላስቲክ ውጭ ይለጠፍ። እስከ 300 ኤስዲአር (የዓለም ገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ለሚያወጣ ሲኤን 22 የሚባለው አነስተኛ ቅጽ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲኤን 23 ነው። የክፍያ ደረሰኙንና የሽያጭ ገጹን ፎቶ እርስዎ ዘንድ ያስቀምጡ። የኢትዮጵያ ሳንቲም ከሆነ ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ ሳንቲሙ ላይ ፲፰፻፹፱ ተብሎ ኢንቮይሱ ላይ 1897 ሲል፣ ሌላ እቃ ነው ተብሎ ሲያዝ መመላለሱ የእርስዎ ነው።

«ከዱባይ ስለገዛሁት የትውልድ ሀገሩ ኤምሬትስ ይባላል?»

አይባልም። የትውልድ ሀገር የተሠራበት ነው።

«የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለው አሮጌ ጩቤ ፈረንሳይ አግኝቻለሁ።»

ገንዘብ አይላኩ። ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና እጽዋት ንግድን የሚቆጣጠር) ስምምነት አባል ናት፤ ያለ ፈቃድ የመጣ የዝሆን ጥርስ ቀረጥ ስለተከፈለበት ሕጋዊ አይሆንም። በቅድሚያ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣንን በአካል ሄደው ያነጋግሩ። ሻጩ «ወረቀት አያስፈልገውም» ቢልዎት አይመኑት። ትራንዚተርም ይህን ፈቃድ ሊተካልዎት አይችልም።

«ከአያቴ የወረስኩትን የምኒልክ ብር አሜሪካ ልኬ ደረጃ አሰጥቼ ላስመልሰው ነው። ሲመለስ ቀረጥ እከፍላለሁ?»

ዝም ብለው ከላኩት፣ አዎ፤ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ እቃ ይታያል። ግን ከቀረጡ በፊት ሌላ ነገር አለ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም፤ የእርስዎ ብር ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለስልጣን ነው፤ እርስዎም እኔም አይደለንም። የሁለቱንም ገጽ ፎቶ፣ ክብደቱንና ዲያሜትሩን ይዘው መጀመሪያ እዚያ ይሂዱ። ፈቃዱን ሲያገኙ አዳማ ጉምሩክ ቅርንጫፍ በጊዜያዊ ወጪ (ወጥቶ ተመልሶ እንደሚገባ እቃ) ያስመዝግቡት፤ ፎቶው ከዲክላራሲዮኑ ጋር ይያያዝ። ሲመለስ ያው ብር መሆኑ በፎቶው ይታያል። ፖስታ ቤት የሚሄዱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።