ሶሌታው ሳይሞላ 70 በመቶውን አይልቀቁ

«አዲስ ቤት እያሠራሁ ነው» ይላሉ ጠያቂያችን። «መሠረቱና ኮለኑ አልቋል፤ ሶሌታው፣ ማለትም ከላይ የሚሞላው ጠፍጣፋው አርማታ፣ ቅዳሜ ሊሞላ ነው። ኮንትራክተሩ ከሙሌቱ በፊት የጠቅላላ ዋጋውን 70 በመቶ ክፈለኝ ይላል። ፌሮውም ቀጠን ያለ መሰለኝ። ስጠይቀው ‹እኛ እናውቃለን፣ አይጨነቁ› አለኝ። ምን ላድርግ?»

ትንሽ መጨነቅማ ይገባዎታል። እኔ ከቀን ሠራተኛነት ተነስቼ ፎርማን እስክሆን ድረስ ያየሁት ነገር አለ። ባለቤት የሚሸወደው በሚታየው ግድግዳ አይደለም፤ በሚሸፈነው ነው። አርማታ ውስጥ በሚቀረው ፌሮ፣ ልስን ስር በሚገባው ቱቦ። እነዚህ አንዴ ከተሸፈኑ የሚታዩት በመዶሻ ሲፈርሱ ነው። ስለዚህ ከቅዳሜ በፊት የሚያዩት ነገር ከዚያ በኋላ ከሚያዩት ሁሉ ይበልጣል።

ከገንዘቡ ልጀምር። መጀመሪያ ውልዎን አውጥተው ክፍያው በምን ደረጃ እንደሚፈጸም ያንብቡ። ሶሌታ ላይ የደረሰ ቤት ገና አጽም ነው። ልስን፣ የመብራትና የውሃ መስመር፣ በርና መስኮት፣ ንጣፍ፣ ቀለም ይቀረዋል። ብዙ ጊዜ የወጪውን ግማሽ ገደማ የሚበላው ይሄ የመጨረሻው ሥራ ነው። አሁን 70 በመቶ ከሰጡት በቀረው 30 በመቶ በምን ተአምር ይጨርስልዎታል? ሰውዬው ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። ምናልባት በእርስዎ ገንዘብ ሌላ ሳይት ላይ የጎደለበትን ሊሞላ ይሆናል፤ የሙያችን የቆየ በሽታ ነው። ለእርስዎ ግን ልዩነት የለውም። ሠራተኛው ይጠፋል፣ ስልኩ አይነሳም።

ለተሠራ ሥራ ብቻ ይክፈሉ። «ሲሚንቶና ጠጠር ቀድሜ ልግዛ» ካለ፣ ዕቃው ሳይት ሲገባ ቆጥረው የዕቃውን ይክፈሉ። ከዚህ በኋላ ከሚከፍሉት ሁሉ 5 ወይም 10 በመቶ ለመያዝ ይስማሙና በጽሑፍ ያድርጉት። ይህ መያዣ የሚለቀቀው ቤቱን ተረክበው፣ ጣሪያው ዝናብ ካየ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ፌሮው። በዓይን ግምት አይከራከሩ፤ ሚዛን አለ። ልክ አንድ ሜትር ያስቆርጡና የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ያድርጉት። ስሌቱ ቀላል ነው። ውፍረቱን በሚሊ ሜትር በራሱ ያባዙና ለ162 ያካፍሉ፤ የአንድ ሜትር ክብደቱን በኪሎ ያገኛሉ። ባለ 12ቱ 890 ግራም ገደማ፣ ባለ 10ሩ 620፣ ባለ 8ቱ 395 መሆን አለበት። የጥቂት ግራም ልዩነት ያለ ነው። 12 የተባለው 750 ግራም ከመዘነ ግን በእጅዎ የያዙት ባለ 11 ነው። ያኔም ወዲያው አይጩሁ፤ ሻጩ ኮንትራክተሩንም ሸውዶት ሊሆን ይችላል። ሚዛኑን ያሳዩትና የሚለውን ይስሙ። ከመልሱ ሰውዬውን ያውቁታል።

ቀጥሎ ሜትር ይዘርጉ። ፕላኑ ላይ «በየ15 ሳንቲ ሜትር» ከተባለ፣ በ1.5 ሜትር ውስጥ 10 ክፍተት ይቁጠሩ። ፌሮው ጣውላው ላይ መተኛት የለበትም። ከስሩ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ የሚያደርጉት ትንንሽ የሲሚንቶ ታኮዎች መኖራቸውን ጎንበስ ብለው ይዩ።

ባልኮኒ ካለዎት እዚያ ላይ ቆም ይበሉ። ከግድግዳ ወጥቶ በአየር ላይ የሚቀር ሶሌታ ዋናው ፌሮው ከላይ ነው የሚሆነው። እኔ ራሴ ጀማሪ ፎርማን ሳለሁ በትክክል አሳስሬ ወረድኩ። በሙሌቱ ቀን ሠራተኞች እየረገጡት ወደ ታች ጠፈጠፉት፤ አላየሁም። ከስር የያዘው ድጋፍ ሲነሳ ባልኮኒው ከግድግዳው ጥግ ተሰነጠቀ። አፍርሰን እንደገና ሠራነው፣ በእኔ ኪሳራ። ከዚያ ወዲህ ሙሌት ሲኖር ከባልኮኒ አጠገብ አልጠፋም።

ቅዳሜ ዕለት ዓይንዎን የውሃ ጎማው ላይ ያድርጉ። ሠራተኛ አርማታው እንዲፈስለት ውሃ መጨመር ይወዳል። ትርፍ ውሃ አርማታን ያደክማል። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ገደማ ነው የሚፈለገው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። አርማታው ከጠጠረ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ሳይለየው ይቆይ። ይሄ ርካሹ ሥራ ነው፤ ቶሎ የሚረሳውም ይሄው ነው። «ድጋፉን ለሌላ ሳይት እንፈልገዋለን» ብለው በሳምንቱ ሊያነሱ ቢመጡ እምቢ ይበሉ። ለትንሽ ክፍል 14 ቀን፣ ቢም (ሶሌታውን የሚሸከም አግዳሚ አርማታ) ላለበት 21 ቀን መጠበቅ የተለመደ ነው። የመጨረሻውን ቃል ግን መሐንዲስ ይስጥ።

መሐንዲስ ስል የኮንትራክተሩን ሰው ማለቴ አይደለም። እርስዎ የሚከፍሉትን ነው። ዘወትር መቆም የለበትም። ከሙሌት በፊት ግማሽ ቀን መጥቶ አይቶ «ይሞላ» ብሎ ቢፈርም ይበቃል። ወጪ ለመቀነስ ብለው ይህን ከዘለሉ እዚህ የጻፍኩት ሁሉ ግማሹን ነው የሚረዳዎት።

ስለ ወደፊቱ ሁለት ነገር ልበል። «ይቺን ግድግዳ ትንሽ ገፋ አድርጉልኝ» የምትለዋ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ረጅም ሂሳብ ይዛ ትመጣለች። ለውጥ ሲኖር ከሥራው በፊት ዋጋውንና የሚጨምረውን ቀን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። «ጥራት ያለው ንጣፍ» የሚል ውልም ምንም አይዝም፤ መጠኑ፣ ውፍረቱና ዓይነቱ ይጻፍ። ቱቦዎች በልስን ከመሸፈናቸው በፊት በግፊት ውሃ ይፈተሹ፤ የመታጠቢያ ቤት ወለልም ንጣፍ ሳይነጠፍበት ውሃ ታቁሮበት አንድ ቀን ይደር።

ለአሁኑ ግን ኮንትራክተሩን ዛሬውኑ ይደውሉለትና «መሐንዲሴ ዓርብ ፌሮውን ያያል፤ እሱ ሳይፈርም ቅዳሜ አይሞላም» ይበሉት። ከተናደደ ቀኑ ይገፋ። ዓርብ ሲሄዱ ሜትሩን ፌሮው ላይ ዘርግተው፣ የመብራትና የውሃ ቱቦዎቹንም ጨምረው ፎቶ ያንሱ። በኋላ ግድግዳ ወይም ጣሪያ ሲበሱ የት እንዳለፉ የሚያስታውስዎ እሱ ነው።