የኢንቴሪየር ዲዛይን ኢንተርንሺፕ በድሬና በሐረር፦ ጠይቁኝ

ድሬዳዋና ሐረር ላይ የቤት ውስጥ ዲዛይንና የፈርኒቸር ሥራ ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል። ኢንተርንሺፕ (የሥራ ላይ ልምምድ) የሚወጡ ተማሪዎችም እቀበላለሁ። ሰሞኑን ጥያቄ ስለበዛ ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ልመልስ።

ጋሼ፣ ድሬ ውስጥ «ኢንቴሪየር ዲዛይን» የሚል ታፔላ ፍለጋ እግሬ ቀጠነ። አዲስ አበባ ልሂድ እንዴ?

አትቸኩል ወንድሜ። ታፔላውን ተወውና ሥራውን ፈልግ። እዚህ ሥራው ተበታትኖ ነው ያለው። አርክቴክት ያለበት አማካሪ ቢሮ አለ፣ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) የሚቆርጥ ፈርኒቸር ቤት አለ፣ የጂፕሰም ባለሙያ አለ፣ እድሳት ላይ ያለ ሆቴል አለ።

እኔ ብሆን ፈርኒቸር ቤት ነበር የምገባው። አንድ ኤምዲኤፍ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው የሚመጣው። ኮምፒውተር ላይ 250 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቁም ሳጥን ብትስል ማንም አይከለክልህም። መጋዙ ጋ ስትደርስ ግን ለ6 ሴንቲ ሜትር ብለህ ሌላ ጣውላ ታስቆርጣለህ። ይህን አንዴ በዓይንህ ካየህ ከዚያ በኋላ ስትስል እጅህ ራሱ ያስታውስሃል።

የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ ይዘህ በአካል ሂድ። ደግሞ ጠዋት ይሁን። ከምሳ በኋላ በዚያ ሙቀት ተረጋግቶ የሚያናግርህ የለም።

ፖርትፎሊዮዬ (የሥራ ናሙናዎቼ ስብስብ) ውስጥ ምን ላስገባ? ሬንደር፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠራ ፎቶ መሳይ ምስል ብቻ ነው ያለኝ።

ሦስት ሥራ ይበቃሻል። አንዱ ግን እውነተኛ ክፍል ይሁን። የቤታችሁን ሳሎን በሜትር ለኪው፤ ፕላኑን በእጅ ሳዪው፤ ከዚያ አውቶካድ በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ አውጪው። ደንበኛ ሬንደር አይቶ ይደነቃል፤ ለኢንተርንሺፕ የሚቀበልሽ ሰው ግን የሚያስገባሽ ልኬቱን አይቶ ነው።

ክፍያ አለው?

ብዙ ጊዜ የለውም። ትራንስፖርት ግን ጠይቅ፤ ነውር አይደለም። ስትጀምር ጠይቅ እንጂ ካለቀ በኋላ አይደለም።

ከገባሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ስኬችአፕ (የኮምፒውተር መሳያ ፕሮግራም) ላይ ተቀምጬ ሌላ ሰው የለካውን እስላለሁ። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ሆዴ ይባባል፤ እኔም ደርሶብኛልና። ተማሪ ሳለሁ የገባሁበት ቤት አስቀምጦ ያስስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሰው ጠፋና ድሬ ከዚራ ሰፈር ያለ የአንድ አሮጌ ቤት ኩሽና ለካ ተብዬ ተላክሁ። ግድግዳውን ወገቤ ላይ ብቻ ለክቼ መጣሁ። ካቢኔቱ ተሠርቶ ሊገጠም ሲል ከላይ አልገባ አለ። ግድግዳው ወደ ውስጥ 4 ሴንቲ ሜትር ያጋደለ ኖሯል። አናጺው ሽማግሌ ነበሩ፤ አልተቆጡኝም። ሜትሩን ሰጥተው ከታች፣ ከመሃል፣ ከላይ ሦስት ቦታ አስለኩኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ሦስት ቦታ ሳልለካ አልወጣም።

ስለዚህ ኃላፊህን አነጋግረው። «አንድ ሥራ ከልኬት እስከ ገጠማ ልከታተል» በለው። አንድ የመጅሊስ መቀመጫ ይሁን፣ አንድ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ፣ ግድ የለም። እምቢ ካለህ ለአማካሪ መምህርህ በጊዜ ንገር፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቦታ መቀየር ይቻላል፣ ስምንተኛው ላይ ግን ከባድ ነው።

ጁገል (በግንብ የታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ) ውስጥ የቆየ ቤት ወደ እንግዳ ማረፊያ የሚቀይሩ ሰዎች ጋ ዕድል አገኘሁ። ምን ልጠንቀቅ?

አቦ፣ ታድለሻል! ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ባለቤቱ ከሚመለከተው የቅርስ ቢሮ ፈቃድ ማውጣቱን መጀመሪያ ጠይቂ።

ከዚያ ቤቱን አንብቢው። የሐረሪ ቤት ሶፋ አይፈልግም፤ መቀመጫው ራሱ ግንባታው ነው። ነደባዎቹ፣ ማለትም ከቤቱ ጋር የተገነቡት መደብ መቀመጫዎች፣ ከፍና ዝቅ ያሉት ሰው እንደየደረጃው እንዲቀመጥ ነው፤ አሚር ነደባ የአባወራው ነው። በግድግዳው የተቦረቦሩት ቦታዎች መደርደሪያዎች ናቸው። የወለሉ ቀይ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ ሐረሪዎች። «ሴራሚክ እናንጥፍበት» የሚል ሰው ቢመጣ ይህን ንገሪው።

ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው። ሲሚንቶ ከለሰኑት እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ልስኑም ውሎ አድሮ ይነሳል። እንዴት እንደሚጠገን የሰፈሩን ባለሙያዎች ጠይቂ። ደግሞ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ሳትስዪ የቤቱ እናት አጠገብ ተቀመጪ። ስፌቱ የት እንደሚሰቀል፣ እንግዳ የት ጫማ እንደሚያወልቅ ታያለሽ። ፕላንሽ ከዚያ ይወጣል።

እናቴ «ከወንድ አናጺዎች ጋር ሳይት ላይ አትውዪም» አሉኝ።

እናትሽን አልፈርድባቸውም። አንድ ቀን ይዘሻቸው ሂጂና ቦታውን ያሳዩ፤ ባለቤቱንም ያነጋግሩ። እኔ ጋ የነበረች ተማሪ እንዲህ አድርጋ ነው የጨረሰችው። ሳይት ስትሄዱ ሁለት ሁኑ፤ ሽፍን ጫማ አድርጉ። ከሁሉም በላይ ግን ደስ የማይል ነገር ካየሽ «ውጤቴ ይበላሻል» ብለሽ አትቻዪ፤ ዕለቱን ተናገሪ።

ሎግ ቡክ (የልምምዱን የዕለት መዝገብ) መጨረሻ ላይ ብሞላውስ?

ተው ወንድሜ። ማታ ማታ አምስት መስመር ጻፍ፦ ምን ለካህ፣ ምን ተበላሸ፣ ማን አስተካከለው። ከሥራው በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ ቆመህ ፎቶ አንሳ፤ ደንበኛውን ግን አስፈቅድ። ማኅተምና ፊርማ በየሳምንቱ አስደርግ። አለበለዚያ መጨረሻ ላይ ኃላፊው መስክ ከወጣ ለአንዲት ማኅተም ስትል ከሐረር ድሬ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትመላለሳለህ።

የቀራችሁ ጥያቄ ካለ ጻፉልኝ፤ ነገ ማታ እመለስበታለሁ።