ሜዲስን ለመግባት የትኛውን ኮርስ ልውሰድ?

«ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ ባዮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ከፍሬሽማን በኋላ ሜዲስን ሞልቼ ነበር፤ አልደረሰኝም። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም፤ ዲግሪዬን ይዤ እንደገና ማመልከት እፈልጋለሁ። አሁን የምርጫ ኮርስ መሙያ ጊዜ ደርሷል። ጓደኞቼ ቀላል ቀላሉን ወስደሽ ጂፒኤሽን አሳድጊ ይሉኛል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ግድ ነው ይላል። እኔ ደግሞ አናቶሚ ብወስድ ከሌሎች የምቀድም ይመስለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ አናቶሚውን ተይው። ስሙ ሐኪም ሐኪም ስለሚል ብዙ ሰው ይሮጥለታል። ሜዲስን ከገባሽ ግን አናቶሚን ከሀ ጀምረው ያስተምሩሻል። አጥንት ቀድማ ቆጥራለች ብሎ ነጥብ የሚጨምርልሽ የለም። አንቺ መውሰድ ያለብሽ እዚያ ቁጭ ብሎ ማንም የማያስተምርሽን ነው። ኬሚስትሪውንና ፊዚክሱን ታውቂዋለሽ ብለው ያልፉታል። ካላወቅሽው ዕዳው የአንቺ ነው።

ስለዚህ አንድ ብቻ ምረጪ ብትዪኝ ባዮኬሚስትሪ፣ ማለትም የሕያዋን ነገሮችን ኬሚስትሪ፣ እልሻለሁ፤ ከተቻለ ከነላቦራቶሪው። ግን ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ማለትም ከካርቦን ውሁዶች ትምህርት፣ በፊት አትግቢበት። ኦርጋኒክ ሳይዙ ባዮኬሚስትሪ የገቡ ልጆች ሴሚስተሩን ሙሉ ሲሸመድዱ ነው የሚያሳልፉት።

ኦርጋኒክ ለሐኪም ምን ያደርጋል ትዪ ይሆናል። ፒያሳ የትኛውም ፋርማሲ የምታገኚውን አሞክሳሲሊን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንውሰድ። ሞለኪውሉ ውስጥ አራት አተሞች ብቻ ያሉት ትንሽ ቀለበት አለ፤ ቤታ ላክታም ይባላል። ቀለበቱ ውጥረት ስላለበት በቀላሉ ይከፈታል። ሲከፈት የባክቴሪያውን ግድግዳ የሚሠራው ኢንዛይም ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ኢንዛይሙ ሥራ ያቆማል፤ ባክቴሪያውም ግድግዳውን መሥራት ያቅተዋል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ቀለበቱን ቀድሞ የሚሰብር ኢንዛይም አላቸው። ያኔ መድኃኒቱ ሥራ ሳይጀምር ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ኦግመንቲን በሚባለው መድኃኒት ውስጥ ከአሞክሳሲሊኑ ጋር ክላቩላኒክ አሲድ የተጨመረው ለዚህ ነው፤ ሰባሪውን ኢንዛይም ይዞ ያስቀረዋል። ቀለበቱ እንዴት እንደሚከፈት የገባው ተማሪ ይህን አንዴ ካነበበ አይረሳውም። ያልገባው የመድኃኒት ስም ሸምድዶ ፈተናው ባለቀ ማግስት ያጣዋል።

ወንድምሽ ወዳነሳው ፊዚክስ ልምጣ። ፍሬሽማን ላይ በጄኔራል ፊዚክስ ደህና ውጤት ካለሽ ሌላ አትጨምሪ። ከሌለሽ የፈሳሽ ፍሰትንና የኤሌክትሪክን ክፍል በራስሽ ጊዜ እንደገና አንብቢ። የደም ሥር ሬዲየስ በግማሽ ሲጠብ የሚያልፈው ደምም በግማሽ የሚቀንስ ይመስላል። አይደለም። ግፊቱ ሳይለወጥ ፍሰቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። የጠበበ የልብ ደም ሥር ሐኪሞችን ለምን ያን ያህል እንደሚያስጨንቃቸው የሚገባሽ ያኔ ነው።

ስታቲስቲክስንም እንዳትዘዪ። 1,000 ሰው ተመረመረ እንበል፤ የታመሙት 10 ናቸው። ምርመራው ከእነሱ 9ኙን ያገኛል፤ ከጤነኞቹ ደግሞ ከመቶ 5ቱን በስህተት ታማሚ ይላል። ወደ 59 ሰው ፖዚቲቭ ወጣ ማለት ነው። በእርግጥ የታመሙት ግን 9 ብቻ ናቸው። ይህን ስሌት ሳያውቅ ሰው የሚያስደነግጥ ሐኪም እንድትሆኚ አልፈልግም።

ጓደኞችሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ውድድር ነው፤ ጂፒኤ ይታያል። ግን ፎቶ ኮፒ ቤት የአምና ፈተና ገዝተሽ ያፈስሽው ኤ የመግቢያ ፈተና ላይ ወፍ የለም። መፍትሔው ከባዱን መሸሽ ሳይሆን መበተን ነው። በዚህ ሴሚስተር ኦርጋኒክን ውሰጂ፣ ከጎኑ ቀለል ያለ ነገር አድርጊለት። ባዮኬሚስትሪና ስታቲስቲክስ ለሚቀጥለው ይሁኑ። ሦስቱን በአንዴ ከምረው ሁለቱን ድሮፕ የሚያደርጉ ልጆች በየዓመቱ ቢሮዬ ይመጣሉ።

ዲግሪ ይዞ ሜዲስን መግባት አዲስ ነገር አይደለም። በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት የተጀመረው የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም የጤናና የተፈጥሮ ሳይንስ ምሩቃንን ነበር የተቀበለው። ትምህርቱ በአካል ሥርዓት የተከፋፈለ ነበር፦ ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት እያለ ይሄድ ነበር። እንዲህ ባለ አካሄድ ባዮኬሚስትሪ ለብቻው ከዜሮ አይጀመርልሽም፤ በየሞጁሉ ተበትኖ ነው የምታገኚው። ለማመልከት ስታስቢ ግን በሲኒየር ወሬ አትሂጂ፤ የዓመቱን ማስታወቂያ ራስሽ አንብቢ።

የወንድምሽ ምክር ለአሜሪካ ትክክል ነው። እዚያ ሜዲስን ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክና ፊዚክስ ከነላባቸው ይጠይቃሉ። ኤምካት የሚባለው የመግቢያ ፈተና ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሳይኮሎጂና ሶሲዮሎጂም ጨምሯል። የፍሬሽማን ሳይኮሎጂ ሃንድአውትሽን ጥለሽው ከሆነ ፈልጊው። ሆኖም ብዙዎቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የውጭ ዜጋ አይቀበሉም። ከሚቀበሉትም ብዙዎቹ እዚያው አሜሪካ ወይም ካናዳ የተወሰዱ ኮርሶችን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ዕቅድሽን በሙሉ በወንድምሽ ላይ አትጣይው።

አሁን ከመመዝገብሽ በፊት ኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ሄደሽ የባዮሎጂ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ። ከዚያ አድቫይዘርሽን አስፈርሚ። የጨረስሻቸውን ኮርሶች አውትላይን ደግሞ ማኅተም አስመትተሽ ፋይል አድርጊ፤ ሀገር ውስጥም ሆነ ውጭ ስታመለክቺ ከትራንስክሪፕት ሌላ ምን ተማርሽ ብለው ይጠይቃሉ፣ ከዓመታት በኋላ ያንን ወረቀት መፈለግ ደግሞ መከራ ነው።