መልስ፦ የ19 ዓመት ወጣት በሕፃናት የሕክምና መርሐ ግብር ለምን ይታከማል?

«ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው፤ አጣዳፊ የሊምፍ ደም ካንሰር ተገኝቶበት ሐኪሙ በሕፃናቱ መርሐ ግብር ይታከም አለ፤ ተሳስቶ ይሆን?» ብለው ለጠየቁት፦ አልተሳሳተም፤ እንዲያውም ነገሩን የሚያውቅ ሐኪም ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከ16 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው የ321 ሕሙማን ውጤት ተነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። በሽታው አንድ፣ ዕድሜውም አንድ፤ የተለያየው የገቡበት በር ነው። በሕፃናቱ መርሐ ግብር ከታከሙት 67 በመቶው ከ7 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ በአዋቂዎቹ ግን 46 በመቶ ብቻ። የሕፃናቱ ሕክምና አስፓራጅኔዝ፣ ቪንክሪስቲንና ስቴሮይድ የተባሉትን መድኃኒቶች አብዝቶ ይሰጣል፤ በሽታው ወደ አንጎል እንዳይሻገርም ቀደም ብሎ ይከላከላል። ኋላ እስከ 39 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ተሞክሮ በ3ኛው ዓመት 73 በመቶው በሕይወት ተገኝተዋል።

ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። አስፓራጅኔዝ ጉበት ይጎዳል፣ የደም መርጋት ያመጣል፤ ውፍረት ያለበት ወጣት ደግሞ ይበልጥ ይቸገራል። በኋላም ለረጅም ጊዜ ቤት የሚዋጥ ክኒን አለ። ሕፃን ቢሆን እናቱ ታስውጠው ነበር፤ የ19 ዓመት ጎረምሳ ግን «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። እዚህ ላይ ዓይንዎን አይንቀሉ።

ኬሞቴራፒው ሳይጀመር ደግሞ፣ ኋላ ልጅ መውለድ እንዲችል፣ የወንድምዎን የዘር ፈሳሽ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁ። እርስዎ ፊት አፍሮ ላይናገር ስለሚችል፣ ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገር ከክፍሉ ወጣ ይበሉለት።