ኬሚስትሪ ተምሮ ወደ ወንዝ መውረድ፦ ከደብረ ብርሃን ለጻፉልን ጠያቂ

በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪዎን ይዘው ከደብረ ብርሃን በላኩልን ደብዳቤ ሁለት ነገር ጠይቀዋል። አንደኛው፣ የወንዝና የሐይቅ ውኃ ጥራት ለእርስዎ ትምህርት የሚሆን ሙያ ነው ወይ የሚል ነው፤ ሁለተኛው፣ በቅርቡ ያገኙትን የውኃ ላቦራቶሪ ሥራ ትተው በቀጥታ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ቢገቡ ይሻል እንደሆነ ነው። ለመጀመሪያው መልሴ አዎን ነው። ለሁለተኛው ግን ቢያንስ አንድ ክረምት በሥራው ላይ እንዲያሳልፉ እመክራለሁ።

ኬሚስትሪ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ይነግርዎታል እንጂ ከየት እንደመጣ አይነግርዎትም። ናይትሬት (ናይትሮጅንን የያዘ የዕፅዋት ምግብ) በውኃ ስለሚሟሟ ከማሳ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል፤ ፎስፎረስ ግን በአብዛኛው ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ከጎርፍ ጋር ይወርዳል። ሁለቱ በሐይቅ ወይም በግድብ ውኃ ሲበዙ አልጌና ሳይኖባክቴሪያ (ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉ ደቃቅ ሕያዋን) ይስፋፋሉ፤ እነርሱ ሞተው ሲበሰብሱም በውኃው ያለው ኦክስጅን ይመናመናል። በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ የዚህ ምሳሌ ነው። ሰሜን ሸዋ ደግሞ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው፤ የበሬሳ ወንዝ ውኃ በጀማ ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ሲሄድ፣ ከጣርማበር በስተምሥራቅ ወደ ቆላው የሚወርዱት ወንዞች ወደ አዋሽ ይሄዳሉ።

የአካባቢዎን ኑሮ ማወቅዎ ከዲግሪዎ የማይተናነስ ሀብት ነው። በደጋው ኩበት ለማገዶ ሲነድ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይተናል፣ ፎስፎረሱ በአመዱ ውስጥ ይቀራል፣ ማሳው ግን ፍጉን ያጣል፤ ፍግ ያጣ አፈር ለጎርፍ ይበልጥ ይጋለጣል። ማሳው እየተራበ ወንዙ የሚጠግበው በዚህ መንገድ ነው። ይህን ዑደት ከቤተሰብ ምድጃ እስከ ወንዝ ዳር መከተል የሚችል ኬሚስት ብዙ አላየሁም።

አብዛኞቹ አመልካቾች የሚሳሳቱት የንጥረ ነገሩን መጠን በሊትር ለክተው ሥራው አለቀ ብለው በማሰባቸው ነው። አንድ ጅረት በበጋ በሰከንድ 50 ሊትር ቢፈስና በሊትር 1 ሚሊግራም ፎስፎረስ ቢይዝ፣ በቀን የሚያሳልፈው 4.3 ኪሎግራም ገደማ ነው። ያው ጅረት በክረምት በሰከንድ 5,000 ሊትር ሲፈስ፣ በሊትር ያለው ወደ 0.1 ሚሊግራም ቢወርድ እንኳ በቀን 43 ኪሎግራም ገደማ ይሸከማል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ናቸው፤ ታችኛውን ሐይቅ የሚያበላሸው ግን ይህ ጭነት ነው፣ አብዛኛውም በጥቂት የጎርፍ ቀናት ይወርዳል። በመስከረም ብቻ ናሙና የሚቀዳ ሰው ዋናውን አላየም። ስለዚህ የወንዝ ፍሰት መለካትን ይማሩ፤ ይህን ትምህርት ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ መምህር ይልቅ በሐምሌ ዝናብ ወንዝ ዳር የቆመ ቴክኒሻን ያስተምርዎታል።

በላቦራቶሪው በሚቆዩበት ጊዜ ሁለት ልማድ ይያዙ። ለፎስፎረስ የሚሆን ጠርሙስ ፎስፌት ባለው ሳሙና አይታጠብም። ናይትሬት ሲመዘግቡም ናይትሬቱን በሙሉ ወይስ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ እንደለኩ ሁልጊዜ ይጻፉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የናይትሬት ገደብ፣ 50 ሚሊግራም በሊትር፣ በናይትሮጅን ሲሰላ 11 ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያልለየ ሰነድ ጤናማውን ጉድጓድ የተበከለ፣ የተበከለውንም ጤናማ ሊያስመስል ይችላል።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪ ይማሩ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዓሣና በውኃ አካላት ሳይንስ ያስተምራል። የማስተርስ ጥናትዎን ርዕስ ሩቅ አይፈልጉ። በዞናችሁ ያለው የአንዲት ጥድ ተፋሰስ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዝናብ፣ ፍሰትና ደለል የተለካበት ስፍራ ነው፤ በዚህ ዓይነት የረጅም ጊዜ መረጃ ላይ የንጥረ ነገር ልኬት መጨመር ለአማካሪ መምህር የሚቀርብ ጥሩ ሐሳብ ይመስለኛል። ቤተሰብዎ «ዲግሪ ይዘህ ወንዝ ለወንዝ ልትዞር ነው?» ማለታቸው አይከፋም፤ የመጀመሪያው ደመወዝ ትንሽ መሆኑም እውነት ነው። በወረዳ ግብርና፣ በከተማ ውኃ አገልግሎት፣ በተፋሰስ አስተዳደር መሥሪያ ቤትና በፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ግን በዚህ ዕውቀት መሥራት ይቻላል። ለጊዜው ለላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ከሰኔ በፊት በክረምቱ የናሙና ቡድን ውስጥ እንዲገቡ በጽሑፍ ያመልክቱ።